እባቡ ይበቃናል

«ሌላ ማስረጃ አንፈልግም፤ እባቡ ይበቃናል።»

ይህን ያለው የምራቴ ጠበቃ ነው፤ ያለውም ለእኔ አይደለም። እኔ ከሴቶች መታጠቢያ ቤት ወጥቼ እርጥብ እጄን በሹራቤ ጫፍ እያደረቅኩ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ጥግ ቆሜ ነበር፤ እነሱ ከምሰሶው ወዲያ ናቸው። ምራቴ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። ጠበቃው ግን ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ምሳውን የት እንደሚበላ በሚያስብ ሰው ድምፅ፣ «አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእባብ ጋር አንድ ክፍል ታድራለች ሲባል ዳኛው ምን የሚሰማቸው ይመስልሻል?» ሲላት ሰማሁ። ዳኛው የሚሰማቸውን አላውቅም፤ እኔ ግን ሳያዩኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ለልጄ አልነገርኩትም። እንቅልፍም አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም በማግስቱ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤታችንን ልታይ ትመጣለች።

ሚጡ የልጄ ልጅ ናት። የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እናቷ ጋ ሄዳ ታድራለች። ክሱ ይህ እንዲገለበጥ ነው፤ ከእናቷ ጋር እንድትኖርና እኛ ጋ በየሁለት ሳምንቱ እንድትመጣ። ምራቴን ዛሬም ምራቴ ነው የምላት፤ የተፋታችው ከልጄ ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አይደለም። ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇን ትወዳለች። እኔም እወዳታለሁ፣ አባቷም ይወዳታል፤ ጣጣው የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው፤ የሚጠላት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ቶሎ ባለቀ ነበር።

እባቡ ቀበቶ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ሚጡ ናት፤ ቡናማ ነው፣ የአባቷን ወገብ አንድ ዙር ይዞራል። መርዝ የለውም፤ ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ለራሴ እነግረዋለሁ። ከጎኑ ባለው ሣጥን ጡረተኛው አለ፤ እሱ ኤሊ ነው፣ ቀኑን ሙሉ እንደ ቀበሌ ሰብሳቢ አንገቱን አስግጎ ይቀመጣል። ሁለቱንም የሰጠን ከተማ ለቆ የሄደ የልጄ ደንበኛ ነው። ልጄ ፍሪጅ ይጠግናል። እንግዲህ ሌላው ፍሪጅ ጠጋኝ የቆየ የፍሪጅ ሞተርና የዛገ ሽቦ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፤ የእኔ ልጅ እባብ ይዞ ገባ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በእጄ ሳልነካው አብሬው ኖርኩ። ጠዋት ጠዋት ግን ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ አምፖሉን የማበራለት እኔ ነኝ። የማደርገውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ መስታወቱ ላይ ለጥፋልኛለች፦ «ለአያቴ። አንደኛ፣ አምፖሉን አብሪ። ሁለተኛ፣ ውሃ ቀይሪ። ሦስተኛ፣ ክዳኑን ዝጊና ድንጋዩን ጫኚበት። አራተኛ፣ አትፍሪ።» ከዚያም በታች አለ፤ እኔ ግን አራተኛው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆሜ እቀራለሁ።

ያን ቀን ጠዋት ልጄ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመና፣ «እማዬ፣ ዛሬ ምንም ነገር እንዳትነኪ። እንዳለን ነው የምንታየው» አለኝ። «እኔ ምን እነካለሁ» አልኩት። የዚህ ልጅ ችግሩ እውነት ብቻዋን ደርሳ የምታድነው ይመስለዋል። ፍሪጅ ጠግኖ ሲያበቃ እንኳ ለባለቤቱ «ይሄ ከሁለት ዓመት በላይ አይቆይም» ብሎ ነው የሚወጣው። ሚጡ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ተሰናበተች፣ እኔን መጨረሻ ሳመችኝና ወረዱ። የእግራቸው ድምፅ ከደረጃው እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ቀበቶ የሚደበቅባት አንዲት የካርቶን ጎጆ አለችው። በልብስ ማጠቢያ ጓንት፣ ዓይኔን ግማሽ ጨፍኜ፣ ጎጆዋን አንሥቼ እባቡን ወደ ትራስ ልብስ ውስጥ አራገፍኩና የጨርቁን አፍ በጫማ ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት። ጡረተኛውን በባልዲ አደረግኩት፤ እሱ ምንም አልተቃወመም። ከፎቁ ሥር ለእያንዳንዱ ቤት በሽቦ የታጠረ ዕቃ ቤት አለ፤ የእኛ ውስጥ የልጄ አሮጌ የፍሪጅ በሮችና የእኔ የተሰበረ የስፌት ማሽን ይገኛሉ። እዚያ አስቀመጥኳቸውና ጆንያ አለበስኳቸው። የሕንጻው ዘበኛ ባልዲ ይዤ ስወርድ አይቶ፣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊቀብሩ ነው?» አለኝ። «የቆየ ልብስ» አልኩት። «ልብሱ እግር አለው እንዴ፣ ባልዲውን ይቧጥጣል» አለኝና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። ፈጣሪ ይስጠው፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

ወደ ላይ ወጥቼ ቤቱን አጠብኩ። አምፖሉን ነቀልኩ፣ የውሃ ሣህኑን አነሳሁ፣ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ ልጬ አጣጥፌ በሽርጤ ኪስ ከተትኩ። በባዶዎቹ ሣጥኖች ላይ ጣውላ አጋድሜ የጠረጴዛ ልብስ አለበስኩና የላስቲክ አበባ አቆምኩበት። ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ ሳየው በእውነቱ ያምር ነበር። ማንም ሰው እዚህ ቤት እባብ ኖሯል አይልም። ያን ጊዜ የተሰማኝን እርካታ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ መሆኑን ገና አላወቅኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ አፍንጫዬን ልጠርግ መሐረብ ስፈልግ ወረቀቱ እጄ ላይ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አራተኛውን አልፌ አነበብኩ። «አምስተኛ፣ መብራት ከጠፋ ለአባዬ ደውይ። ቀበቶ የራሱ ሙቀት የለውም። ከቀዘቀዘ ይታመማል፣ በጣም ከቀዘቀዘ ይሞታል።» ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ዕቃ ቤቱ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ውጭም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ አልወጣችም። ጡረተኛው ራሱን አስገብቶ ድንጋይ ሆኗል። የትራሱን ልብስ ስነካው የማይንቀሳቀስ፣ በክረምት ደጅ ያደረ የውሃ ጎማ የመሰለ ነገር ነው። እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን የደነገጥኩት እባብ ስላየሁ ሳይሆን እባቡ አላስደነግጥ ስላለኝ ነው። ቋጠሮውን ፈታሁ። ጓንቱን ላይ ቤት ትቼው ስለወረድኩ እጄ በባዶው ገባ። ሁለት ዓመት «ንኪው፣ ለስላሳ ነው» እያለች የለመነችኝ ልጅ ሳታየኝ ነካሁት፤ እንደ ወጥ ቤት ወለል ቀዝቅዟል። እዚያው ቁጢጥ ብዬ፣ ሚጡ ከትምህርት ቤት መጥታ እንዲህ ሆኖ ስታገኘው ታየኝ። ዳኛው የት እንደምትኖር ይወስናሉ፤ ይህን ያደረገችው ግን አያቷ መሆኗን ማንም ሊሽርላት አይችልም።

ለልጄ ለመደወል ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት፤ እሱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። የቀዘቀዘ ትንሽ ነገር እንዴት እንደሚሞቅ የሚያውቅ ሰው በዚህች ከተማ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም ከሌላኛው ወገን ነው። የምራቴ እናት ሠላሳ አንድ ዓመት ያለጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት ክፍል የሠሩ ነርስ ናቸው። ሚጡ ራሷ ኪሎ ከስድስት መቶ ሆና ስትወለድ ማሞቂያው ሁሉ ተይዞ ስለነበር፣ ጋውናቸውን ከፍተው ደረታቸው ላይ ለጥፈው ግማሽ ቀን የተቀመጡ እሳቸው ናቸው። ልጅቷ ስታድግ ነርስ አያቴ አለቻቸው፤ እኔ አያቴ ብቻ ነኝ። ክሱ ከተጀመረ ወዲህ አንድ ዓመት ከሁለት ወር አልተነጋገርንም። ገበያ ላይ አንድ ጊዜ ተያይተን ሁለታችንም ሽንኩርት መምረጥ ጀመርን።

ያኔ በሚጡ ያደረጉትን አስታውሼ ሹራቤን ገለጥኩ፣ የትራሱን ልብስ በሆዴ ላይ አደረግኩና በሽርጥ አሰርኩት። ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ገባ። ባልዲውን ይዤ አውቶቡስ ጠበቅኩ። ታሪፉ ከስድስት ብር ወደ ስምንት ከፍ ብሎ ሰው ሁሉ ከትኬት ቆራጩ ጋር ይጨቃጨቃል። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ላብ ላብ ሲለኝ ያየች ወጣት፣ የታመምኩ መስሏት ተነሣችልኝ። «የት ነው የሚያምዎት፣ እናቴ?» አለችኝ። «ሆዴ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ሁለት ፌርማታ ሲቀረን ሆዴ ላይ አንድ ነገር እንደ ክር ሳብ ያለ መሰለኝ። መጮህ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ለራሴም በሚገርመኝ ድምፅ፣ «በርታ» አልኩት።

ነርሷ በሩን ከፈቱና አዩኝ፣ ባልዲውን አዩ፣ ሆዴን አዩ። 

«ልጅቷ ምን ሆነች?» አሉኝ።

«ልጅቷ ደህና ናት። እባቡ ነው።»

ባልዲውን ተቀበሉኝ። ከዚያ ከበሩ ገለል አሉልኝ። «ይግቡ፣ ብርድ አያስገቡ።»

ቤታቸው አንድ ክፍልና ማዕድ ቤት ነው፤ አልጋው እንደ ሆስፒታል አልጋ ጠርዙ ተጣጥፎ ተነጥፏል፤ መርፌ ይቀቀልበት የነበረው የብረት ሣህን አሁን ቁልፍ ይቀመጥበታል። ግድግዳው ላይ ሚጡ ጥርሷ ወልቆ የምትስቅበት ፎቶ አለ፤ እኛም ቤት ያው ፎቶ አለ። የትራሱን ልብስ ከሆዴ ተቀብለው እባቡን አወጡት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፣ በጣታቸው ሆዱን ተከትለው ወረዱ፣ ጠበቁ። ምላሱ ወጥታ ገባች።

«አልሞተም። ፈዟል። መቼ ነው የቀዘቀዘው?»

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ።»

ውሃ ጣዱ። እኔ በችኮላ «እሳቱ አጠገብ ብናደርገውስ?» ስላቸው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት እናት በዚህ ቃል እንዳስቆሙ በሚያስታውቅ አነጋገር፣ «ቶሎ የሚያሞቅ ነው የሚገድል» አሉኝ። ለብ ያለውን ውሃ በላስቲክ የውሃ ከረጢት ሞልተው ክርናቸው ላይ ለኩት፣ በፎጣ ጠቀለሉት፣ እባቡን ከፎጣው በላይ አስተኝተው ሌላ ፎጣ ደረቡበት። ጡረተኛውንም በሌላ ፎጣ።

«ከዚህ በፊት እባብ ይዘው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የት አባቴ አውቄ። ከዚህ ያነሱ ግን ብዙ ይዣለሁ። እነሱም የት ጋ እንደሚያማቸው አይናገሩም ነበር።» ሰዓታቸውን አዩ። «ለምን ከቤቱ አወጡት?»

በኮሪደሩ የሰማሁትን ነገርኳቸው። የባለሙያዋን መምጣትም፣ የላስቲክ አበባውንም። ፎጣውን እያስተካከሉ ሰሙኝ። ስጨርስ ማንቆርቆሪያውን ከእሳት አወረዱ። ልጃቸውን ከድተው ለእኔ አንድ ቃል እንዲናገሩ አልጠበቅኩም፤ እንዲያውም ልክ እንደወጣሁ ስልክ አንስተው «እባቡ እኔ ጋ ነው፣ አያቲቱ ደብቃው ልትገድለው ነበር» ቢሏት ክሱ እዚያው እንደሚያልቅ አውቄዋለሁ። ማስረጃውን በገዛ ሆዴ አሙቄ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«ልጄስ ምን መለሰች?» አሉኝ በመጨረሻ። «ጠበቃው እንዲህ ሲላት።»

«አልሰማኋትም።»

«ሌሊት አትተኛም» አሉኝ። «እርስዎ ልጅቷ እንዳትሄድብዎት ይፈራሉ። እሷ ደግሞ እንዳትረሳት ትፈራለች። እኔ መሃል ሆኜ ውሃ አፈላለሁ።» ከዚያ ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ። «ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። እርስዎ ይሂዱ፣ እንግዳ አለብዎት።» ደረጃው ላይ ስደርስ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ መጠየቅ ፈለግኩ። ፎጣውን ሲያዩ ግን ፊታቸው ላይ የነበረውን አይቻለሁና አልጠየቅኩም።

ልጄ ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። በንጹሕ ሸሚዝ፣ በላስቲክ አበባው ፊት ለፊት ቆሟል። አየኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲናደድ ጆሮው ነው የሚቀላው። አፉን ሳይከፍት በሩ ተንኳኳ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ጠፍጣፋ ጫማዋን አታውልቂ እያልናት በሩ ላይ አወለቀች፣ አንዱ ካልሲዋ ተረከዙ ላይ ተጠግኗል፣ እኔም ስለ ጥገናው ጥራት ወደድኳት። ማዕድ ቤቱን አየች፣ የመድኃኒት ማስቀመጫው መቆለፉን አየች፣ የሚጡን አልጋ፣ የሚጡን መጻሕፍት። ሚጡ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ገባች። እንደ ልማዷ ቦርሳዋን ጥላ ወደ ሣጥኖቹ ሄደችና አበባው ጋ ቆመች።

ባለሙያዋ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ሄጄ ከሚጡ ጋር ተጫውተን ነበር» አለች። «ስለ ሁለት እንስሳት ብዙ ነግራኛለች። የት ናቸው?»

ልጄ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። «የምን እንስሳት?» አልኩ።

 ልጄ ወለሉን አየ። እናቱን በእንግዳ ፊት ውሸታም ከማድረግ ምላሱን ቢቆርጥ ይመርጣል፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኩት። ባለሙያዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እንዲህ ከሆነ ይህንንም መጻፍ ይኖርብኛል» አለች። «ወላጆቻቸው ሲለያዩ ጭንቀት የበዛባቸው ልጆች አንዳንድ ጊዜ የሌለ ነገር ይፈጥራሉ። ዳኛው ልጅቷ ያለችኝን ሁሉ በዚያ ዓይን ነው የሚያዩት።» ወደ ሚጡ ዞረች። «ሚጡ፣ ቀበቶና ጡረተኛው በእውነት አሉ?»

ልጅቷ አየችኝ። እንባዋ መጥቶ ዓይኗ ጫፍ ላይ ቆሟል። ቀበቶዋ የት እንዳለ አታውቅም፣ መሞቱን መትረፉንም አታውቅም፤ እኔ የዋሸሁ መሆኔን ግን አውቃለች። ያን ሁሉ ዋጥ አደረገችና፣ «የሉም» አለች። «ፈጥሬ ነው።»

ብዙ ነገር ኖሬ አይቻለሁ። ባል ቀብሬአለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። ከዚህች ቃል የከበደ ግን አልተሸከምኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እኔን ልታድን ራሷን አሳልፋ ሰጠች፤ ባለሙያዋም እስክሪብቶዋን አነሣች። ተነሥቼ ማዕድ ቤት ገባሁ። የፍሪጁን በረዶ ቤት ከፍቼ ከዓሣው ጀርባ ያለውን ክዳን ያለው ሣጥን አወጣሁና በባለሙያዋ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ክዳኑ ላይ በሚጡ የእጅ ጽሕፈት፣ «የቀበቶ ምሳ። ለሰው አይሆንም» ይላል። ባለሙያዋ ከፈተችው። ስድስት በበረዶ የደረቁ አይጦች በተርታ፣ እንደ ማንኪያ ተደርድረዋል። ምስጋና ይግባትና አልጮኸችም፤ ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ፈጣሪዋ ልጅቷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ያለችሽ ሁሉ እውነት ነው። ፈርቼ ደብቄያቸው ነው። ደብቄም ልገድላቸው ነበር።» ስለ ዕቃ ቤቱ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ሁሉም ነገርኳት። ሚጡ «ሞተ?» ብቻ አለች። «የለም፣ ነርስ አያትሽ ጋ ነው» ስላት ልጄ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ባለሙያዋ፣ «የከሳሽ እናት ጋ?» አለች፣ የሰማችው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ። ስልኬን አውጥቼ ለነርሷ ደወልኩ።

«ባለሙያዋ እዚህ ናት» አልኳቸው። «እንስሳቱን ማየት ትፈልጋለች።»

 ይህን ቤት በዚህ ሰዓት፣ በዚህች ሴት ፊት ቢረግጡ ለልጃቸው ምን ማለት እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። «ታክሲ ልያዝ» አሉኝ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ክንዳቸው ላይ ሕፃን እንደሚታቀፍ የታቀፈ ፎጣ ይዘው ገቡ። ሚጡ ሮጣ ፎጣውን ገለጠች፣ ቀበቶም ጭንቅላቱን አወጣና የልጅቷን አንጓ ዞሮ ተጠቀለለ። አበባውን ራሴ አነሣሁ። ልጄ አምፖሉን አበራ። ባለሙያዋ ልጅቷ እጇን ስትታጠብ፣ ክዳኑን ስትዘጋ፣ ድንጋዩን ስትጭን ቆማ አየች፤ ማታ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ከሣጥኑ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀች። አያውቅም፤ ሚጡ ራሷ መለሰች፣ በዝርዝር፣ ከአባቷ የባሰ በዝርዝር። ከዚያ ባለሙያዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «እርስዎ የሚሉት ካለ።»

«ልጄን የሚጎዳ ቃል ከአፌ አይወጣም» አሉ ነርሷ። ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። «እንኳን እባብ፣ ይህች ሴት ትል ትፈራለች፤ የልጄ ሠርግ ላይ በረሮ አይታ ከድንኳን ወጥታለች። ዛሬ እባቡን በራቁት ሆዷ ላይ አስራ በአውቶቡስ ነው ያመጣችልኝ። ልጅቷ እንዳታለቅስ ብላ። ያየሁት ይህን ነው። ይህን ጻፊልኝ።»

ባለሙያዋ ጻፈች። ከዚያም እንድፈርም ገጹን ወደ እኔ አዞረችው። መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩት፤ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ግን ፊርማዬን ሳላነብ አላስቀምጥም። እኔ ስለዋሸሁት ሁለት መስመር ነበር፤ ይገባኛል፣ አልተከራከርኩም። ከሥሩ፣ «ልጅቷ ስለ ቤቷ የሰጠችው ቃል በአካል ተረጋግጧል» ይላል። በሩ ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ ለልጄ፣ «እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን ልጅቷን ከዚህ ቤት የሚያስነሣ ነገር አላየሁም፤ ሪፖርቴም ይህንኑ ይላል» አለችው። ልጄ አመሰግናለሁ ማለት ፈልጎ አቃተው፤ የጫማ ማንኪያ አቀበላት።

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ምራቴ እናቷን ልትወስድ መጣች። እናቷ ራሳቸው ናቸው ደውለው፣ «ሚጡ ቤት ነኝ፣ ነይና ውሰጂኝ» ያሏት። በሩ ላይ ቆመች፣ የባንክ ሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ። ግቢ አልኳት፤ እዚሁ ይሻለኛል አለች። ሚጡ እባቡን አንገቷ ላይ አድርጋ ልታሳያት ስትመጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ግን አልሸሸችም። እናቷ የዋሉበትን ሲነግሯት ሰማች፤ ስለ ኮሪደሩ ሲደርሱ ዓይኗ ወደ እኔ መጣ።

«ሰምተሽኛል ማለት ነው» አለችኝ።

«እሱን ሰማሁት። አንቺን አልሰማሁሽም።»

«ምንም አላልኩም። እሱ ነው የከበደኝ።» ቦርሳዋን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረች። «ስለ እባቡ እንዳያነሣ እነግረዋለሁ። ሌላውን ግን አልተውም።»

«አትተይ» አልኳት፣ ከልቤ። እኔም ለልጄ አልተውም ነበር። ክርክሩ እንደሚቀጥል ያን ጊዜም አውቃለሁ፤ ግን ከእንግዲህ በልጅቷ ክፍል ላይ ሳይሆን በልጅቷ ቅዳሜዎች ላይ ነው የሚሆነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ለመካፈል የተፈጠረ ቀን ነው። ነርሷ ሲወጡ እጄን ያዙ።  መዳፋቸው ገና ለብ እንዳለ ነው።

ማታ ሦስታችን ለራት ተቀመጥን። ልጄ ጆሮው ወደ መልኩ ተመልሷል፤ ሳልጠይቀው ሁለት ጊዜ ሩዝ ጨመረልኝ፣ ከእሱ ይቅርታ ማለት እንዲህ ነው። ሚጡ ግን ከእንግዶቹ መሄድ በኋላ አላናገረችኝም። ማንኪያዋን አስቀመጠችና አየችኝ።

«አያቴ» አለችኝ፣ «ሁለተኛ ስትዋሺ ቀድመሽ ንገሪኝ። ብቻዬን ፈጥሬ መዋሸት ከባድ ነው።»

«ሁለተኛ አልዋሽም፣ የእኔ እመቤት።»

ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት። «እሺ» አለችኝ፣ ያላመነችኝ ሆና። ሣህኗንም ወደ እኔ ገፋ አድርጋ የዓሣውን እሾህ እንዳወጣላት ጠበቀች።